ማይክሮ በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር ከፊቱ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። በግራው ጣና፣ በቀኙ የደብረ ታቦር ደጋ። ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ይወጣል። መንገድ የሚገናኝበት ከተማ በመሆኑ ወረታ የንግድ ቦታ ነው። በዚህ ከተማ በየቀኑ ከሚሰሙ ቃላት አንዱ «ጥቃቅን» ነው። «የኔ ልጅ እኮ ጥቃቅን ገባ» ትላለች እናት። «በጥቃቅን ተደራጅተን ብሎኬት እናመርታለን» ይላል ወጣቱ። «እስቲ ጥቃቅን ሄጄ ልጠይቅ» ይላል ሥራ ፈላጊው፤ ጽሕፈት ቤቱን ማለቱ ነው።

ቃሉ እንዲህ ብቻውን መቆም የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። ቀድሞ የሌላ ነገር ገላጭ ነበር፦ ጥቃቅን ድንጋይ፣ ጥቃቅን ወጪ፣ ጥቃቅን ጥፋት። ዛሬ የመንግሥት ፕሮግራም፣ የመሥሪያ ቤትና የሥራ መስክ ስም ሆኗል። እዚህ ያደረሰው «ማይክሮ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጥያ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም እሱ ነው።

ማይክሮ ሥሩ ግሪክ ነው፤ «ሚክሮስ» ትንሽ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቃል ፊት ተለጥፎ ነው የሚውለው። ወደ እኛም የመጣው በሦስት በር ነው። አንዱ የመለኪያ በር ነው፤ ማይክሮሜትርና ማይክሮግራም በዚያ ገቡ። ሁለተኛው የመሣሪያ በር ነው፤ ማይክሮስኮፕና ማይክሮፎን የዚያ ናቸው። ሦስተኛው ማይክሮ ፋይናንስና ማይክሮ ኢንተርፕራይዝ የገቡበት የኢኮኖሚ በር ነው። አማርኛም ለሦስቱ አንድ አቻ አልሰጠም። ለድርጅት ሲሆን ጥቃቅን አለው፣ ለገንዘብ ተቋም ሲሆን አነስተኛ አለው፣ በዓይን ለማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ሲሆን ረቂቅ ወይም ደቂቅ አለው። ማይክሮስኮፕንማ ጭራሽ ከሌላው ወገን ነው ያየው፤ «አጉሊ መነጽር» ብሎ ትንሹን ትቶ ማጉላቱን ያዘ። ማይክሮፎንም እንዲሁ «ድምፅ ማጉያ» ተባለ። እኔ ይህን ጥሩ ማስተዋል ነው እላለሁ። ሰው መሣሪያውን የሚገዛው ለሚያደርግለት ነገር ነውና።

ያም ሆነ ይህ አቻው የበዛበት ምክንያት አለው። «ትንሽ» የሚል ቃል ሁሉ «ከምን አንጻር?» የሚል ጥያቄ አስከትሎ ይመጣል። የወረታ ገበያ ላይ ሩዝ በጣሳ ስትገዛ ሻጯ ጣሳውን እስኪቆለል ትሞላዋለች። ከዚያ «እታለም፣ ትንሽ ጨምሪበት እንጂ» ይባላል። እሷም በእጇ ቆንጥራ ምርቃቱን ትጥላለች። እዚያ ላይ ትንሽ ማለት ጣቶቿ የያዙት ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ አይከራከሩም። ማይክሮ ግን ከገበያው ውጭ ከመጣ በኋላ መለኪያው ማን ዘንድ እንዳለ ካልተነገረ ሰውን ያሳስታል።

ከመሥሪያ ቤቱ መለኪያ እንጀምር። በ1990 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ አንድ ድርጅት ጥቃቅን የሚባለው ካፒታሉ ከ20,000 ብር የማይበልጥ ሲሆን ነበር። ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ብር ያለው ደግሞ አነስተኛ ተባለ። በ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂው ሲከለስ መለኪያው ተለወጠ። ጥቃቅን ማለት ባለቤቱንና ቤተሰቡን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚሠራበት፣ ጠቅላላ ሀብቱም በኢንዱስትሪ ዘርፍ ከ100,000 ብር፣ በአገልግሎት ዘርፍ ከ50,000 ብር ያልበለጠ ድርጅት ሆነ። አነስተኛ ደግሞ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራ፣ ሀብቱ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር፣ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር የሚደርስ ነው ተባለ። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. 60,000 ብር የነበረው አናጢ «አነስተኛ» ነበረ፤ በ2003 ዓ.ም. ያው አናጢ በዚያው ገንዘብ «ጥቃቅን» ሆነ። ሰውየው መጋዝና መላጊያውን ይዞ ያው ነው፤ የተንቀሳቀሰው ድንበሩ ነው።

የብሩ ነገርም አለ። በ2003 ዓ.ም. 100,000 ብር ወደ 6,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ ያው ቁጥር 1,000 ዶላር አይሞላም። ብሎኬት ማምረቻ ገዝቶ፣ ሲሚንቶ አከማችቶ፣ ከ100,000 ብር በታች መቆየት ምን ያህል ይቻላል? በብር የተሰፈረ ትንሽነት ብሩ በወደቀ ቁጥር አብሮት ይወርዳል። ይህን የምለው ወጣቶቹ ብድርና የመሥሪያ ቦታ የሚያገኙት በዚሁ ስም ደረጃ ስለሆነ ነው። ደረጃ የሚያወጣ ሁሉ ድንበሩን ቶሎ ቶሎ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ልብ የምንለው አለ። ጥቃቅን በአማርኛ ብዙ ቁጥር ነው። ጥቃቅን ነገሮች እንላለን እንጂ አንድ ጥቃቅን ነገር አንልም። ማይክሮ ግን ስለ ብዛት ምንም አይናገርም። ትርጉሙን የመረጡት ሰዎች አስበውትም ይሁን ሳያስቡት፣ አማርኛው ላይ ብዙ ሆኖ መሰብሰብ ተጨመረ። በተግባርም ፕሮግራሙ የቆመው በመደራጀት ላይ ነው። «በጥቃቅን ተደራጀን» የሚለው አነጋገር ለጆሮ የማይሻክረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ቃሉ ራሱ ከአንድ በላይ ሰው ይጠብቃል።

የገንዘቡ ማይክሮ ሌላ መንገድ ሄደ። አዋጅ ቁጥር 40/1988 የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ፈቃድ የሚያገኙበትን ሕግ ሲያቆም በሀገሪቱ ብዙ ተቋማት ተመሠረቱ። በአማራ ክልል ገበሬው የሚያውቀው አብቁተ ነው፤ ሙሉ ስሙ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም። በስሙ ውስጥ ትንሽነትን የሚናገር ቃል የለም። ብድርና ቁጠባ ብሎ ሥራውን ብቻ ተናገረ። ተቋሙ አድጎ በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል። ከአንድ ቤተሰብ ዓይን ካየነው ለበሬ መግዣ የተወሰደ ብድር ትንሽ አይደለም። የዓመቱ ትልቁ ውሳኔ እሱ ነው፤ ባልና ሚስት ሌሊት ሲመክሩበት የሚያድሩት፣ ዝናቡ ከቀረ የሚያስጨንቃቸው። ማይክሮ ያለው አበዳሪው ነው፤ ከሌሎቹ ባንኮች ብድር ጋር አስተያይቶ።

መሬትም እንደዚሁ ነው። በጥናትና በሪፖርት ላይ የፎገራ ገበሬ «አነስተኛ አርሶ አደር» ነው። በዓለም አቀፍ ጥናቶች ብዙ ጊዜ ድንበሩ 2 ሄክታር ላይ ይሰመራል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አነስተኛ ነው። በአሜሪካ የአንድ እርሻ አማካይ ስፋት ወደ 180 ሄክታር ነውና ከዚያ ለሚመለከት 2 ሄክታር ጓሮ ነው። ፎገራ ላይ ግን መሬት በጥማድ ነው የሚነገረው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ወደ ሄክታር ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ሩብ ተብሎ ይያዛል። 2 ሄክታር እንግዲህ 8 ጥማድ ነው። 8 ጥማድ ያለው ሰው በዚህ ሜዳ ላይ የሚከበር፣ ሌላው መሬቱን ለእኩል ለመያዝ ደጁ የሚጠናው ሰው ነው። ጥማድ በሬውንና ቀኑን ነው የሚለካው፤ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብሎ አይፈርድም።

አሁን ወደ ሳይንሱ መለኪያ እንለፍ፤ እዚህ ላይ ማይክሮ ፍጹም ቁርጥ ነው። በእ.ኤ.አ. 1873 የእንግሊዝ ሳይንስ ማኅበር የመለኪያዎችን ስም ሲያደራጅ ማይክሮን ለአንድ ሚሊዮንኛ ሰጠው። በእ.ኤ.አ. 1960 ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ሲጸድቅም በዚያው ጸና። ማይክሮሜትር የሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ የሚሊሜትርም አንድ ሺህኛ ነው። ያለ መሣሪያ የሰው ዓይን የሚለየው እስከ 100 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ከዓይን ይሰወራል።

የፎገራ ሜዳ የተሠራው ከዚያ በታች ካለው ነገር ነው። የሜዳው አፈር ዋልካ ነው፤ ሌላው አካባቢ መረሬ የሚለው ጥቁር ሸክላማ አፈር። የአፈር ባለሙያዎች ሸክላ የሚሉት ስፋቱ ከ2 ማይክሮሜትር የሚያንሰውን ቅንጣት ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ወደ አንድ ሚሊሜትር ትሰፋለች ብንል፣ በእሷ ወርድ ላይ 500 ያህል የሸክላ ቅንጣቶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የርብና የጉማራ ወንዞች ይህን ቅንጣት በየክረምቱ ከደጋው አጥበው ያወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲተኙ ይጥሉታል፤ የቀረውን ይዘው ጣና ይገባሉ።

ይህን ማንም ሰው በቤቱ ሊያየው ይችላል። በሐምሌ ከርብ የተቀዳ ደፍራሳ ውኃ በብርጭቆ ጠርሙስ አድርጎ ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ስፋቱ 20 ማይክሮሜትር የሆነው ደለል 10 ሳንቲሜትር ለመውረድ 5 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 2 ማይክሮሜትር የሆነው ሸክላ ግን ያችኑ 10 ሳንቲሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ስፋቱ በ10 እጥፍ ሲያንስ የሚዘቅጥበት ፍጥነት በ100 እጥፍ ይቀንሳል። ከዚያም ያነሱት በማግሥቱም ውኃውን እንዳደፈረሱት ያድራሉ። ጠርሙሱ ሥር የሚታየው ንብርብር ታች ሻካራ፣ ላይ ልስልስ ነው፤ ጣት ሲነካው የላይኛው እንደ ቅባት ያሟልጫል። በክረምት የርብና የጉማራ አፍ ላይ ጣና ቀለሙ የሚለወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ገጹ ይበዛል። ዋልካን ዋልካ የሚያደርገው ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ዓይነት ነው። ገጹ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ አንዱ ግራም እስከ 700 ስኩዌር ሜትር ይደርሳል። 4 ግራም ንጹሕ ስሜክታይት፣ በሁለት ጣት የሚያዝ ነገር፣ አንድ ጥማድ መሬት የሚያህል ገጽ አለው ማለት ነው። ውኃ የሚይዘው በዚህ ገጽ ላይ ነው። ለዚህ ነው ዋልካ ክረምት አብጦ ውኃውን አላሳልፍ የሚለው፣ በጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ከብት እግሩን የሚሰብርበት።

የሜዳው ታሪክም ከዚህ ገጽ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ የሚተኛበት መሬት ለብዙ ሰብል አይመችም፤ ለሣር ግን ይመቻል። የፎገራ ከብት በወተቱ ስሙ የወጣው በዚህ ግጦሽ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ደግሞ በሻጋ የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሲሞክሩ ያገኙት ይህንኑ ውኃ የሚይዝ አፈር ነው። ዛሬም ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚለው ዝርያ ስሙን ከዚያ ቦታ ይዟል። ሩዙ ተስፋፋ፣ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፣ ገለባው የከብት መኖ ሆነ፤ ግጦሹ ግን ጠበበ። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆመ። ሩዙ ሊደርስ ሲል መሬቱ በያዘው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። ዝናብ ካቆመ በኋላ ሁለተኛ ሰብል የሚሰጠው ያ ከ2 ማይክሮሜትር የሚያንስ ቅንጣት ነው።

ይኸው ቅንጣት ክፉም አለበት። ዋልካ በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ለሌላ ትንሽ ፍጡር መጠለያ ይሆናል። የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው፤ በረራዋ አይሰማም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያና በሱዳን ካላአዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር አካባቢ ትገኛለች። የምትሸከመው ሊሽማኒያ የተባለው ጥገኛ በሰው አካል ውስጥ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ከትላልቆቹ የሸክላ ቅንጣቶች ብዙም አይበልጥም።

በ1997 ዓ.ም. ከፎገራ በስተሰሜን ባለው ሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ካላአዛር የመተማና የሑመራ ቆላ በሽታ ተደርጎ ነበር የሚታሰበው፤ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ይዞት ይመጣል እንጂ ደጋ ላይ ይነሳል ያለ አልነበረም። ሰው ግን ቤቱ እያለ በረጅም ትኩሳት ይያዝ ጀመር። ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ አይሻለውም። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ሁሉም የጠረጠረው ወባን ነበር፤ ምናልባት መድኃኒቱን የለመደ ወባ ነው ተባለ። በግንቦት ወር በሽታው ታወቀ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትም አዲስ ዘመን ላይ ማከም ጀመረ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመት ተኩል ከታከሙት ከአራቱ ሦስቱ ወንዶች ነበሩ፤ ግማሾቹ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት አይበልጥም። ካላአዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ እዚያ ሕክምና ካገኙት መካከል የሞቱት ወደ 4 በመቶ ነበሩ። በኋላ በተደረገ ጥናት ቀን ከግራር ሥር መተኛትና ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር ለበሽታው እንደሚያጋልጥ ታየ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀትር ላይ ሌላ የት ይተኛል?

የዚህ በሽታ ምርመራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ማየት ደግ ነው። ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኒ ናሙና ይወሰዳል፣ በመስታወት ላይ ይቀባል፣ በቀለም ይነከራል፣ ከዚያ 1,000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይታያል። 3 ማይክሮሜትር የነበረው ጥገኛ ያኔ 3 ሚሊሜትር ሆኖ ይታያል፤ እሱም ከአንዲት ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ከብዙ መሰሎቹ ጋር ታጭቆ። በክቡ ነገር ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነጥብ አለ፤ ባለሙያው የሚፈልገው ሁለቱን ነጥቦች ነው። አንዱን ብቻ ካየ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ፍጡር አማርኛ «ረቂቅ» ማለቱ ልክ ነው። ረቂቅ መጠንን ብቻ አይናገርም፤ ከዓይንና ከእጅ ማምለጥንም ይናገራል። ሊቦ ከምከም ላይ ያንን ያህል ጊዜ ያመለጠው ይህ ነው።

የመጨረሻው ማይክሮ ከእያንዳንዱ ቤት ጓዳ ይገኛል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልገዋል፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250። ሰው 70 ዓመት ቢኖር የዕድሜውን ሙሉ አዮዲን ብንደምረው 4 ግራም አይሞላም። ያ ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ እናት በእርግዝናዋ ካጣችው ደግሞ የልጁ አእምሮ ይጎዳል። አዮዲን በውኃ ይሟሟል፤ ደጋውን ሲያጥብ የኖረው ጎርፍ ከአፈሩ ጋር ይዞት ስለሚሄድ እህሉም ይጎድለዋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያዘዘው ለዚህ ነው። አዮዲን በሙቀትና በፀሐይ ይተናል። ስለዚህ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም ሊወርድ ሲል ይጨመር። ከድስቱ ጋር አብሮ ሲንተከተክ የሚውል ጨው ጣዕሙን እንጂ አዮዲኑን በሙሉ አያቆይም።

እንቅርት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች የአንገታቸው እጢ ሥራው ሲዳከም ሌቮታይሮክሲን የተባለ ኪኒን ይታዘዝላቸዋል። መጠኑ የሚጻፈው በማይክሮግራም ነው፤ 25፣ 50፣ 100። በሳይንስ ማይክሮ የሚጻፈው «ሚዩ» በተባለው የግሪክ ፊደል ነው፤ በእጅ ተጣድፈው ሲጽፉት ግን የሚሊግራምን «ኤም» ይመስላል። ሚሊግራም ከማይክሮግራም 1,000 ጊዜ ይበልጣል። በመርፌ የሚሰጡ ኃይለኛ መድኃኒቶች ላይ ይህ የንባብ ስሕተት ሰው ሊገድል ይችላል። በአሜሪካ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን የሚከታተለው ኢንስቲትዩት ይህን ምልክት ለስሕተት ከሚዳርጉ አጻጻፎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። «ኤም ሲ ጂ» ተብሎ በሦስት ፊደል እንዲጻፍ ይመክራል። የጤና ባለሙያ የሆነ አንባቢ ማዘዣው ላይ «ማይክሮግራም» ብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ ታማሚም ቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ መድኃኒት ቤት ላይ ይጠይቅ።